ባለ ግራጫ ባርኔጣው ሰው

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። ለመምህር፣ ለባል፣ ለሐኪም፣ አንድ ጊዜ ለቄስ ሳይቀር ዋሽቻለሁ፤ አንዱም እንቅልፍ ነሥቶኝ አያውቅም። ሰው ለማዳን ብዬ የዋሸሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ብላክፑል የምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ባሕሩ ላይ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ መካከል። አንዲት ቃል ናት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ የእኔ ቡኮ ግን ይኸው ስድሳ ዓመት ሙሉ ስበላው አላለቀም።

ከተማችን የሸማኔ ከተማ ነበረች። በዓመት አንድ ሳምንት፣ በነሐሴ፣ ፋብሪካዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋሉ። የጭስ ማውጫዎቹ ያርፋሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ባቡር ይሳፈርና ወደ ባሕር ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው ያንኑ ጎረቤቱን ነው። ቤታችን በስተቀኝ የሚኖሩት ሰዎች ብላክፑልም በስተቀኛችን ያድራሉ፤ በስተግራ ያሉትም እንዲሁ። ስለዚህ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው በዚያ ሳምንት መሸሸጊያ አልነበረውም።

እኛ ደግሞ በዚያ ዓመት የምንደብቀው ነገር ነበረን። እናቴ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ጣቢያው መጸዳጃ ቤት አስገባችኝና በሩን ቆልፋ፣ ፊቴ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘች።

«ዊኒ፣ ስሚኝ። አባትሽ ብላክፑል ይጠብቀናል።»

ሁለት ዓመት አላየሁትም ነበር።

«ሰው የት ከርሞ ነው ቢልሽ ምን ትያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም አይባልም! ደቡብ አገር ሥራ አግኝቶ ነው በይ። እስኪ ድገሚው።»

«ደቡብ አገር ሥራ አግኝቶ ነው።»

«ጎሽ። ከዚያ ሌላ ስለ እሱ ለማንም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። እኔንም ሰው ፊት እንዳትጠይቂኝ። ከታወቀ አለቀልን፤ አንድ ሌሊት የሚያሳድረን የለም።»

እናቴን የሚያስፈራ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

ስለ አባቴ የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፉጨቱ ነው፤ ከፋብሪካ ሲመለስ መንገዱ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያፏጨው ዜማ ነበረው፤ እሱን ስሰማ በሩን ከፍቼ እሮጣለሁ። ሁለተኛው የሄደበት ቀን ነው። አንድ ጥቁር መኪና መጣ፤ ሁለት ሰዎች ወርደው በመሀላቸው አድርገው ወሰዱት። እናቴ መጋረጃውን ዘጋች። በማግስቱ የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው ክፍሉን አሸጉት፣ ውስጡን በጭስ አጠኑት፣ ፍራሹንም ተሸክመው ወስደው አቃጠሉት። አንድ የተደበቀ ነገር ሲፈልጉ መሰለኝ።

ብላክፑል ስንደርስ አባቴ ጣቢያው ትልቅ ሰዓት ሥር ቆሞ ነበር። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፤ ሰማያዊ ሙሉ ልብሱ ሌላ ሰው አውሶት የለበሰው ይመስላል፤ ራሱ ላይ ግራጫ ባርኔጣ ደፍቷል። ልሮጥ ስል እናቴ ከኋላ አንገትጌዬን ጨመደደችኝ።

«እንዳትስሚው!»

እሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመኝ። «እዚያው ሁኚ የኔ ቆንጆ። ከዚያው ሆነሽ ልይሽ።» አየኝ፤ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ለትልቅ ሴት እንደሚደረገው ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። ከኪሱ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ አወጣና በእጄ ሳይሆን በሻንጣችን ላይ አስቀመጠልኝ። ጠርዟ በክር የተጠለፈች፣ በአንገት የምትንጠለጠል ቦርሳ ናት።

«እዚያ ሆኜ የሠራኋት ነች። ጊዜ ሞልቶ ተርፎኛል።»

እናቴ ገላመጠችው። እኔ ግን ገባኝ። ከቤታችን ማዶ የሚኖረው፣ ከሰል ሰርቆ ስድስት ወር የታሰረው ሰውዬ ሲፈታ በእጁ የሠራውን ቅርጫት ይዞ ነበር የመጣው። ጥቁሩ መኪና፣ ሁለቱ ሰዎች፣ ቦርሳዋ፤ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገጠመልኝ። አባቴ እስረኛ ነው።

ያረፍነው ለእንግዳ ክፍል ከሚያከራዩ፣ ወይዘሮ ግሪምሾ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። የቁልፍ ዘለላቸው ወገባቸው ላይ ሲንኳኳ ከሦስት ፎቅ በላይ ይሰማል። ገና ከደጃፍ ሕጋቸውን ነገሩን፤ አሸዋ ይዞ መግባት የለም፣ ደረጃ ላይ መሮጥ የለም፣ ከቁርስ በኋላ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ውጪ፣ በሩም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይከፈትም።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አለች አክስቴ ኔሊ። የእናቴ ታላቅ ናት፤ ባል የላትም፤ ከእኛ ጋር ነበር የመጣችው።

«ውሃ ልታዪ አይደል የመጣሽው? ባሕሩ ድረስ ሳትደክሚ ራሱ መጣልሽ ማለት ነው» አሏት ወይዘሮ ግሪምሾ።

እናቴ ከሻንጣዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነጭ ኩባያ አወጣች፤ አፉ ዙሪያውን ሰማያዊ መስመር አለው። «ባለቤቴ ከራሱ ኩባያ ሌላ አይጠጣም፤ አመለኛ ነው። እኔው አጥበዋለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።»

ሴትዮዋ ኩባያውን አዩ። አባቴን አዩ። እንደገና ኩባያውን አዩ። «እንደፈቀድሽ» አሉና ቁልፋቸውን እያንኳኩ ሄዱ። አወቁበት፣ ፖሊስ ሊጠሩ ነው ብዬ እራቴን መዋጥ አቃተኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባቴን በዓይኔ እጠብቀው ጀመር። ሌሎች ሲያወሩ እሱ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ መስኮቱንም ዝናብ እየገባ እንኳ አያዘጋም። በመንገድ ላይ ድንገት ዘወር ይልና ከውስጥ ኪሱ ትንሽ ሰማያዊ ጠርሙስ አውጥቶ ወደ አፉ ያስጠጋል፤ ከዚያ እንደ ሌባ ቶሎ ይሸሽጋታል። መርዝ ናት አልኩ። ሊይዙት ሲመጡ ሊጠጣት ያዘጋጃት ናት።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም። አባቴ ሁለት ዓመት የከረመው ተራራ ሥር ባለ የሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ ነው። ጠርሙሷ አክታውን የሚተፋባት ነበረች። ያን ጊዜ ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት የለም፤ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ያለበትን ቤተሰብ ክፍል የሚያከራይ የለም፤ ቢታወቅ ከፋብሪካም እናቴን ያስወጧት ነበር። ልጆችን ደግሞ ማገገሚያው ደጃፍ አያደርሱም። እናቴ እኔን ዝም ማሰኘት እንጂ እውነቱን መንገር አላሰበችም፤ ልጅ አፉ አይታመንምና አልፈርድባትም።

ሸማኔ ሴቶች ያለ ድምፅ ማውራት ያውቃሉ። በማሽኖቹ ጩኸት ጆሮ ስለማይሰማ፣ ቃሉን በከንፈራቸው እየሳሉ ነው የሚነጋገሩት። ቤትም ሲገቡ ልጅ የማይሰማው ነገር ሲኖር ያቺኑ ዘዴ ይጠቀማሉ። እኛ ልጆች ቀስ በቀስ ማንበብ እንደምንለምድ ግን ልብ አይሉም። ማክሰኞ ቀን ባሕሩ ዳር እኔ አሸዋ ስቆፍር እናቴና አክስቴ በሸራ ወንበሮቻቸው ተቀምጠው ከራሴ በላይ በከንፈር ያወሩ ነበር።

«መች ነው የሚመለሰው?» አለች አክስቴ።

«እሑድ። ለሳምንት ብቻ ነው የፈቀዱለት።»

«እዚያ ከገቡት ስንቱ ወጣ ኤድና?»

አካፋዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ፀሐይ ነበረች፣ አህዮቹ ቃጭላቸውን እያንቃጨሉ ልጆች ተሸክመው ያልፋሉ፣ የድንች ጥብስ ይሸታል፤ እኔን ግን በረደኝ።

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን አክስቴ ኔሊ ጋዜጣ እያውለበለበች ገባች። ፊቷ ቀልቷል። ጋዜጣውን የታጨሰ ዓሣዬ ላይ ዘርግታው ቁጭ አለች።

«መጥቷል! ዛሬ እዚህ ነው! ስሙ፤ 'ይህ ሰው ዛሬ ብላክፑል ውስጥ ይዘዋወራል። ረጅምና ቀጭን ነው። ሰማያዊ ሙሉ ልብስና ግራጫ ባርኔጣ አድርጓል። ስሙ ፔንሮዝ ነው። ለያዘው ሰው አምስት ፓውንድ!' ዛሬ ካልያዝኩት ኔሊ አትበሉኝ!»

ፎቶግራፉን አየሁት። ፊቱ ግማሹ ተቆርጧል፤ የሚታየው ባርኔጣና ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ቀና አልኩ። ጠረጴዛው ማዶ ያው ባርኔጣ ከአባቴ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ያው ዓይን ከኩባያው በላይ ያየኛል። ፔንሮዝ የሐሰት ስሙ ይሆናል አልኩ።

«እንግዲህ እንዳያመልጥሽ ኔሊ» አለ አባቴ እየሳቀ።

«አንተ ሳቅ! ባለፈው ዓመት እኮ አጠገቤ ቆሞ አይስክሬም ሲገዛ ነበር አሉ።»

እናቴም ሳቀች። እንዴት ያለ ልብ አላት አልኩ፤ ባሏ ሲታደን ተቀምጣ ትስቃለች። አክስቴስ እንዴት አታይም? አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቁርስ እየበላ!

የተሰቀለ ፎቶግራፍ ምን እንደሚያመጣ አውቅ ነበር። በፊተኛው ክረምት ከተማችን ፖሊስ ጣቢያ ሰሌዳ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ተለጥፎ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ሰውየው ማንችስተር ላይ ተሰቀለ። አክስቴ ኔሊ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቻለሁ። «ያስያዘችው የገዛ ልጁ ናት። ፖሊሱ 'አባትሽ ነው?' ቢላት 'አዎ' አለች። አለቀ! በዚያች 'አዎ' ነው ገመድ ያስገባችው።»

የጋዜጣው ነገር ጨዋታ ነበር። ጋዜጣው እንዲሸጥለት አንድ ሠራተኛውን በየባሕር ዳር ከተማው ይልካል፤ የዚያን ቀን ጋዜጣ ይዞ ያገኘውና የተጻፈውን ቃል ሳይሳሳት የተናገረ ሰው ይሸለማል። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። አገር ያወቀውን ነገር ደግሞ ለልጅ ማን ያስረዳል? እኔም ሰው ፊት እንዳልጠይቅ ታዝዣለሁ።

ከቁርስ በኋላ አባቴ እናቴን ደረጃው ሥር አቆማት። እሱም ሸማኔ ነበርና በከንፈሩ ነው ያናገራት።

«አንድ ጠዋት ብቻ ስጪኝ። ልጄ አታውቀኝም እኮ ኤድና።»

«አትጠጋት እንጂ።»

«አልጠጋትም። አጠገቧ ብቻ ልሂድ።»

እንዲህ ሆነና እናቴና አክስቴ ወደ ከተማው ሄዱ፤ እኔና አባቴ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣን።

ያን መንገድ እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ሰው ጢም ብሏል፤ ሁሉም ያንኑ ጋዜጣ በብብቱ ይዟል። ያልያዘ የለም። አሮጊቶች፣ ጎረምሶች፣ ልጅ ያቀፉ ሴቶች፣ ሁሉም የሚያልፈውን ወንድ ፊት እየገመገሙ ይሄዳሉ። ጋዜጣውን ዘርጋ ያደርጋሉ፣ ሰውየውን ያያሉ፣ ያጥፉታል። ከተማው በሙሉ አባቴን ለማደን ወጥቷል።

«አባዬ፣ ባርኔጣህን አውልቅ።»

«ፀሐይ ነው እኮ የኔ እናት።»

«አውልቅ አልኩህ!»

ደንግጦ አየኝና አወለቀ። ፀጉሩ ሳስቷል።

«አሁን ቶሎ ቶሎ እንሂድ።»

«ቶሎ መሄድ አልችልም። ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ትንሽ ሄድን። ዝም ብለን ስንሄድ ጭንቅ አለው መሰለኝ ያንን የድሮውን ዜማ ማፏጨት ጀመረ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁትን። እያፏጨ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ ታስታውሺዋለሽ? እንዴት አላስታውስ! ግን አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ አየችን።

«ዝም በል!» አልኩት። «ሰው ይሰማል።»

ፉጨቱን አቆመ። ከንፈሩ ትንሽ እንደሾለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ በሙሉ አእምሮዬ አስቤ ነው ያደረግሁት። አንድ፣ እስር ቤት ሆኖ የሠራት ቦርሳ አንገቴ ላይ ማስረጃ ናት፤ አውልቄ ቀሚሴ ውስጥ ሸሸግኋት። ሁለት፣ ከእሱ ጋር ከታየሁ ልጠየቅ እችላለሁ፤ ስለዚህ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሲቆምልኝ እኔም ቆምኩ። ሲራመድ ተራመድኩ። ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ፤ ቦርሳዋ ከአንገቴ መጥፋቷንም አየ። በሦስተኛው አልዞረም።

የእንጨቱ ድልድይ በር ላይ ባለ ነሐስ ቁልፍ ደንብ ልብስ የለበሰ ዘበኛ አለ። ስናልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ድልድዩ ረጅም ነው፣ ወደ ባሕሩ እየገባ ይሄዳል፤ በሳንቃዎቹ ክፍተት ከሥር ጥቁሩ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይታያል። እዚህ ከያዙት መሸሻ የለውም አልኩ። አባቴ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ንጹሕ አየር ሊስብ ነበር የፈለገው። ነፋሱ ሲበረታ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። መሀል ስንደርስ ከኋላው አንዲት ወፍራም ሴትዮ እየሮጠች መጥታ በተጠቀለለ ጋዜጣ ትከሻውን መታ አደረገችው።

«እርስዎ አቶ ፔንሮዝ ነዎት፤ ሽልማቴን ልቀበል!»

አባቴ ዞረ፤ ፈገግ አለ። «አይደለሁም እመቤቴ።»

«ነህ እንጂ! 'አይደለሁም' ማለት ታዘህ ነው። ያው ባርኔጣው፣ ያው ልብሱ! ኑ እዩልኝ ሰዎች!»

ሰዎች ከበቡን። የእሱን እጅጌ ይዛለች። «ተይዟል! ተይዟል!» እያለ አንዱ ይጮኻል። አባቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው፤ ሳል አንዴ ከያዘው መናገር አይችልም። ሴትዮዋ «እያስመሰለ ነው» ትላለች። ባለ ነሐስ ቁልፉ ዘበኛ ሰዉን እየገፈተረ መጣ። ወደ እኔ ጎንበስ ሲል የልብሱ ቁልፎች ሁሉ በፊቴ አብለጨለጩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከእሱ ጋር ነሽ? አባትሽ ነው?»

ልክ ያቺው ጥያቄ ነች። ቃል በቃል። የዚያች የማንችስተሩ ሰውዬ ልጅ የተጠየቀችው። ከሰዉ መካከል አባቴ አፉን በመሐረብ ይዞ ያየኛል፤ መልሴን እንደሁሉም ሰው ይጠብቃል።

«አይደለም» አልኩ። ቀጥዬም፣ ይበልጥ እንዲታመን፣ ጮክ ብዬ፤ «አላውቀውም።»

አዎ ብል ኖሮ በዚያች ደቂቃ ይለቁት ነበር። የጋዜጣው ሰው ልጅ ይዞ እንደማይዞር ሁሉም ያውቃል፤ ለዚህ ነበር የተጠየቅሁት። አላውቀውም ስል ግን ሴትዮዋ «ብያችሁ ነበር!» ብላ ኮሌታውን ጨመደደች። ያኔ ሳሉ ባሰበት፤ መሐረቡን ከአፉ ሲያነሣው ቀይ ነበር። ሁሉም አየ። ክቡ ባንድ ጊዜ ሰፋ። ሴትዮዋ እጇን ከኮሌታው አንሥታ ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

«የማታውቀውን ሰው ምን ትጠየቃለች» አለ አባቴ ድምፁ ሲመለስለት ለዘበኛው። «ልጅቷን ተዋት። አስደነገጣችኋት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ባርኔጣውን አነሣ። እንደ መጀመሪያው ቀን።

አዳንኩት! እውነቴን ነው፤ የተሰማኝ እሱ ነው። እንዲያውም በማስመሰል እንዴት ጎበዝ ነው አልኩ፤ ባርኔጣውን እንደ ባዳ ሲያነሣልኝ።

ወደ ቤት የተመለስነው ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀን ነው። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። በየመንገዱ ማቋረጫ ይቆምና መሻገሬን በዓይኑ ጥግ ሳያይ አይሄድም። ልጠጋው ስል ይራመዳል። እኔ ለደኅንነቱ የራቅሁ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንዳላፍር ነበር የሚርቀኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ብያችኋለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እዚያ ናቸው። ወይዘሮ ግሪምሾ በሩን ያለ ሰዓቱ ከፍተው ደጃፍ ቆመው ነበር፤ እናቴ አጠገባቸው ታለቅሳለች። መጣ፣ አሳልፈው ሊሰጡት ነው ብዬ ከመብራት እንጨት ኋላ ተሸሸግሁ።

«ኩባያውን በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «አንቺ የምታጥቢበት ውሃ ለብ ያለ ነው፤ አይበቃም። ባሌ አራት ዓመት ሙሉ የራሱ ኩባያ ነበረው፤ ገና ሻንጣሽን ስትከፍቺ አውቄዋለሁ። ግባና ተኛ አንተ ሰውዬ። እስከ እሑድ ክፍልህ ክፍልህ ነው። ማንም ቢንጫጫ ከእኔ ጋር ይነጋገር።»

እንግዲህ ያን ሁሉ ቀን የተደበቅነው ከሚያውቁ ሰው ነበር። አባቴን ማንም አላባረረውም። አመስግኖ ገባ፤ ግን አልተኛም። ሻንጣውን ሸከፈ። እናቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው። የከሰዓቱ ባቡር ሳያመልጠኝ አለና እሑድ ሳይደርስ በረቡዕ ሄደ። ጣቢያ የሸኘችው እናቴ ብቻ ናት። እኔ በመስኮት ሆኜ ባርኔጣው በሰው መሀል እስኪጠፋ ድረስ ቆጠርኩት፤ ማንም አልያዘውም። አመለጠ አልኩ። ዓርብ ዕለት አክስቴ ኔሊ ጋዜጣ ዘርግታ፣ አቶ ፔንሮዝን ሐሙስ ጠዋት አንድ የዳቦ ጋጋሪ ሚስት እንደያዘችው ስታነብ በአባቴ ፈንታ ለተያዘው ፔንሮዝ አዘንኩለት።

መስከረም ላይ ከአባቴ ፖስት ካርድ መጣልኝ። ድሮም በየወሩ ይጽፍልኝ ነበር፤ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ «አባትሽ» ይላል። ይቺኛዋ ግን እንዲህ ትላለች፤ «ውድ ዊኒ፣ እዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ትምህርት እንዴት ነው? ክሊፎርድ።»

ክሊፎርድ! ብቻ። ደስ ብሎኝ ወጥ ቤቱን ዞርኩት። ገብቶታል! ድልድዩ ላይ ያደረግሁት ገብቶታል፤ ካርዱን ፖሊስ ቢያነበው እንኳ አባትና ልጅ መሆናችንን እንዳያውቅ ስሙን ብቻ ጻፈ። ምስጢራችን የሁለታችን ሆነ። እኔም በዚያው ዘዴ መለስኩለት፤ የብርዱን ወራት ሁሉ ተጻጻፍን። ካርዶቹን ለእናቴ አላሳየኋትም፤ ራሴ ነበርኩ ፖስታ ሳጥን የምከታቸው። በየካቲት ሞተ።

እናቴ የጣቢያውን ነገር የነገረችኝ አርባ ዓመት አልፎኝ፣ እሷም የመጨረሻ አልጋዋ ላይ ሳለች ነው። ባቡሩ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ልጅቷን አትቆጫት ኤድና። የምታፍርበትን አባት ተሸከሚ አይባልም። ከእንግዲህ የምትፈልገውን ያህል ብቻ እሆንላታለሁ» ብሏት ነበር። እኔ የጋዜጣውን፣ የፖሊስ ሰሌዳውን፣ የማንችስተሩን ሰውዬ ነገር ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የአባቴን ዕቃ ማገገሚያው ሲልክልን ነጩ ኩባያና በክር የታሰሩ የእኔ ካርዶች አብረው መጥተው ነበር። አሁን ከቆዳ ቦርሳዬ ጋር አንድ ላይ ናቸው። ከሁሉም ጠርዟ ያለቀው፣ ተነብባ ተነብባ ቀለሟ የደበዘዘው የመጀመሪያዋ ናት። አንዲት አህያ አለችባት። በስተጀርባዋ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቴ እንዲህ ይላል፤

«ውድ አቶ ክሊፎርድ፣ አይዞህ። አባቴ መሆንህን ለማንም አልተናገርኩም። መቼም አልናገርም። ዊኒ።»